የክፉው ጌታ ቀኝ እጅ፦ በረጅም የጀግንነት ግጥም ሁለተኛውን ሰው እንዴት እንጻፈው?

ደሴ ውስጥ ረጅም የጀግንነት ግጥም የሚጽፉ ወጣቶች አሉ። ብዙ ሰው አያውቃቸውም እንጂ አሉ። አማርኛ ስለማስተምር ደብተራቸውን ይዘው እኔ ጋ ይመጣሉ። ፒያሳ ሻይ ቤት ቁጭ ብለን እናነባለን። ጀግናው አብዛኛውን ጊዜ ጥሩ ነው። ክፉው ጌታም አይከፋም፤ ያስፈራል፣ ግብር ያበላል፣ ይቆጣል። ከጌታው ቀኝ የሚቆመው ሰው ላይ ስንደርስ ግን ግጥሙ ይደርቃል። «እሺ ጌታዬ» ይላል። ይሄዳል፣ ያቃጥላል፣ ተመልሶ ይመጣል። መጨረሻ ላይ በጀግናው ጦር ይሞታል። ማን እንደወለደው አናውቅም። ለምን እንደታዘዘም አናውቅም።

የምጽፈው ስለዚህ ሰው ነው። ባለሟል በሉት፣ ፊታውራሪ በሉት፣ ቀኝ እጅ በሉት። በኔ እምነት ረጅም ግጥም የሚቆመውም የሚወድቀውም በሱ ነው። ክፉው ጌታ ከክፋቱ ጋር ታርቆ ጨርሷል። ጀግናውም መንገዱን መርጧል። ሁለተኛው ሰው ግን በየማለዳው እምቢ ማለት ይችላል፤ በየማለዳውም እሺ ይላል። ሰሚው ራሱን የሚያገኘው እዚያ ላይ ነው። ንጉሥ ሆኖ የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነው። ልቡ እያወቀ የታዘዘ ሰው ግን በየቤቱ አለ።

እንዲገባን አንድ ምሳሌ ይዘን እንሂድ። ሁሉም ፈጠራ ነው። ክፉው ጌታ ደጃች ወንዴ ይባል። ቀኝ እጁ እንድሪስ ይባል፤ የአምባሰል ቆላ ገበሬ የይማም ልጅ ነው። ጀግናውን ለጊዜው እንተወው፤ እሱ ራሱን ያውቃል።

መጀመሪያ ውለታውን ፈልጉ

አንድ ሰው ክፉ ጌታን የሚያገለግለው ለምንድን ነው? ወጣቶቹን ስጠይቃቸው «ለገንዘብ» ወይም «ስለሚፈራው» ይሉኛል። ሁለቱም ያስኬዳሉ፤ ሩቅ ግን አያደርሱም። ገንዘብ የሚከፍለው ሰው ሌላ ቦታ የበለጠ ካገኘ ይሄዳል። የሚፈራው ሰው ጌታው ሲተኛ ይጠፋል። ውለታ ያለበት ሰው ግን የትም አይሄድም። ውለታ የእውነት ስለሆነ እሱን የሚያስረው ገመድ ክፉ ነው ማለትም አይቻልም።

ሕንዶች ይህን በደንብ ያውቁታል። በረጅሙ የጀግንነት ግጥማቸው በማሃባራታ ውስጥ ካርና የሚባል ጀግና አለ። የፀሐይ ልጅ ነው፤ ያሳደገው ግን ሠረገላ ነጂ ነው። በቀስት ውድድር ላይ ችሎታውን ሊያሳይ ሲነሳ «አባትህ ማነው?» ብለው አሳፈሩት። ያን ጊዜ ዱርዮዳና ተነስቶ በዚያው አደባባይ የአንጋ ንጉሥ አድርጎ ሾመው። ዱርዮዳና የግጥሙ ክፉ ሰው ነው። ለካርና ግን በሰው ፊት ያከበረው ብቸኛ ሰው እሱ ነው። በኋላ ጦርነቱ ሲቃረብ ከተቃራኒው ወገን ክሪሽና ለብቻው ይዞት ይሄድና እውነቱን ይነግረዋል፦ የምትወጋቸው ሰዎች የእናትህ ልጆች ናቸው፤ ወደ እኛ ብትመጣ ዙፋኑ ያንተ ነው። ካርና እምቢ አለ። እንደሚሸነፉ እያወቀ እምቢ አለ። ወዳጁን ትቶ መሄድ አልቻለም።

የእኛስ እንድሪስ? ለወሎ ሰው ይህን መፈለግ አይከብድም። ክፉ ቀን አለ። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ድረስ የነበረውን ረሃብ አያቶቻችን የሚጠሩት በዚህ ስም ነው። ከብቱን ደስታ በሽታ ጨረሰው። በሬ የሌለው ገበሬ ማረስ አቃተው። እንድሪስን በዚያ ዘመን ልጅ አድርጉት። አባቱ ይማም ሞቷል። እናቱ ሁለት ልጆቿን ይዛ መንገድ ዳር ተቀምጣለች። ደጃች ወንዴ ከነጭፍራው ሲያልፍ ልጁን አየውና «ይሄን አንሱት» አለ። ለእናትየው አንድ ቁና ማሽላ ተሰፈረላት።

ቁናውን አትዝለሉት። ማን ሰፈረው? ጠርዙ ድረስ ሞላ ወይስ ጎደለ? እናትየው በምን ተቀበለችው፣ በነጠላዋ ነው? እንድሪስ ዕድሜውን ሙሉ እሺ የሚለው ለዚያ ቁና ነው። ሰሚው አንዴ ካየው በኋላ እንድሪስ ክፉ በሠራ ቁጥር ቁናው ትዝ ይለዋል። ተጨማሪ ማብራሪያ አያስፈልጋችሁም።

አንድ ነገር ልጨምር። በ1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ ቦሩ ሜዳ ላይ ጉባኤ ካደረጉ በኋላ በወሎ ብዙ ሰው ስሙን ለውጧል። ገዢው መሐመድ አሊ ራሱ ክርስትና ተነስቶ ሚካኤል ተባለ። ስለዚህ እንድሪስም በጌታው ቤት ሌላ ስም ቢወጣለት ከታሪኩ አይርቅም። ግቢ ውስጥ ፊታውራሪ ኃይሉ ይባል። እናቱና እህቱ ግን እንድሪስ ይበሉት። እናንተም ግጥሙ ውስጥ የቱን ስም መቼ እንደምትጠሩ አስቡበት። ሰውዬው የማን እንደሆነ በስሙ ብቻ ማሳየት ትችላላችሁ።

ከጌታው በፊት እሱን እናግኘው

ድሮ ወደ ጌታ ቤት የሚሄድ ባለጉዳይ መጀመሪያ የሚያገኘው ጌታውን አልነበረም። አጋፋሪውን ነው። ደጅ ይጠናል፤ ለባለሟሉ ይነግራል፤ ባለሟሉ ፊቱን አይቶ ቀኑን ይወስናል። ግጥማችሁም እንዲህ ይሁን። ደጃች ወንዴን ገና በመጀመሪያው ክፍል አታምጡት። እንድሪስ ይምጣ፤ ሰው ሁሉ ይነሳለት፤ ከዚያ እሱ ራሱ ስለ ሌላ ሰው ሲናገር ድምፁን ዝቅ ያድርግ። ደጃች ወንዴ ገና ሳይታይ ያስፈራል።

ግብር ቤቱንም ተጠቀሙበት። ደሴ ያለውን የንጉሥ ሚካኤልን አይጠየፍ አዳራሽ ገብታችሁ ካላያችሁ ሂዱና እዩ። ውስጡ ቆማችሁ ግብሩ ሲበላ አስቡት። ማን ከማን ቀጥሎ ይቀመጣል? ጥሬ ሥጋው መጀመሪያ ለማን ይቀርባል? ጌታው በእጁ የሚያጎርሰው ማንን ነው? እንድሪስ በመጀመሪያው ግብር ላይ ከጌታው እጅ ይጎረስ። መሃል ላይ በሚመጣው ግብር ጉርሻው ወደ ሌላ፣ ወደ ወጣቱ ሰው ይሂድ። እንድሪስ አይቶ እንዳላየ ወደ ሳህኑ ያቀርቅር። አንድ ቃል አይተንፍስ።

ምክሩን ይናገር

እዚህ ላይ ረጋ ብለን እንሂድ። ብዙ ግጥም የሚበላሸው እዚህ ነው።

መንዙማ የሰማ ሰው አውራጅና ተቀባይን ያውቃል። አውራጁ ስንኙን ያወርዳል፤ ተቀባዩ ያንኑ መልሶ ይላል። ለመንዙማ ይህ ትልቅ ውበት ነው፤ ጀማው የሚሞቀው በዚያ ነው። ሁለተኛው ሰው ግን ተቀባይ ከሆነ አለቀለት። ጌታው ያለውን ደግሞ የሚል ሰው ለግጥሙ ምንም አይጨምርም። አውጡትና ትእዛዙን በደብዳቤ ላኩት።

ሁለተኛው ሰው ጉባኤ ላይ ሁለት ዓይነት ሥራ ሊሠራ ይችላል።

አንደኛው ሥራ የጌታውን ሐሳብ የራሱ አስመስሎ ማቅረብ ነው። ለዚህ ከእንግሊዛዊው ሚልተን ብዔል ዜቡል የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። ግጥሙ «የጠፋው ገነት» ይባላል፤ መጀመሪያ የታተመው በ1667 እ.ኤ.አ. ነው። ሰይጣን ከነሠራዊቱ ወደ ጥልቁ ከተጣለ በኋላ ጉባኤ ይቀመጣል። ሞሎክ «እንዋጋ» ይላል። ቤልሆር «አርፈን እንቀመጥ» ይላል። ማሞን «እዚሁ የራሳችንን መንግሥት እንሥራ» ይላል፤ ጉባኤውም ለሱ ያጨበጭባል። ብዔል ዜቡል የሚነሳው ይሄን ጊዜ ነው። ግርማ ሞገሱ ብቻ ሁሉንም ጸጥ ያሰኛል። አዲስ ወደተፈጠረው ዓለም፣ ወደ ሰው ልጅ እንሂድ ይላል። ሐሳቡ አስቀድሞ የሰይጣን ነው። ቀጥሎ «ማን ይሂድ?» ብሎ ይጠይቃል። ሁሉም ዝም ይላል። ሰይጣን «እኔ» ብሎ ይነሳል። አያችሁ? ጌታው ጀግና ሆኖ የታየው ሁለተኛው መድረኩን ስላነጠፈለት ነው። ደጃች ወንዴን ብልጥ አድርጋችሁ መሣል ከፈለጋችሁ ይህን መንገድ ያዙ።

ሁለተኛው ሥራ እውነቱን መናገር ነው። እኔ የምወደው ይሄኛውን ነው። በሌላው የሕንዶች ግጥም በራማያና ውስጥ ክፉው ንጉሥ ራቫና የጀግናውን የራማን ሚስት ሰርቆ ጦርነት አመጣ። ወንድሙ ኩምብሃካርና ስድስት ስድስት ወር የሚተኛ ግዙፍ ነው። ጦርነቱ ሲከፋ ቀሰቀሱት። ተነስቶ መጀመሪያ ያደረገው ወንድሙን መገሠጽ ነው፤ ሥራህ ጥፋት ነው ብሎ በጉባኤው ፊት ነገረው። ከዚያ ምን አደረገ? ጦሩን አንስቶ ለዚያው ወንድሙ ሊዋጋ ወጣ፤ እዚያውም ሞተ። ሁለቱ ነገር በአንድ ሰው ውስጥ ሲገናኝ ሰሚው ይረበሻል። ይህ መረበሽ ነው የምንፈልገው።

ምክሩን ስትጽፉ ዜማውን ለዩት። ትረካችሁ በየወል ቤት ከሄደ፣ ማለትም ስድስት ስድስት ቀለም ከሆነ፣ ጌታው በዚያው ሰፊ መንገድ ይናገር። እንድሪስ ሲመክር ግን ወደ ሰንጎ መገን አጥብቡት፣ አምስት አምስት። ትንፋሹ ያጥራል። የሚፈራ ሰው አነጋገሩ አጭር ነው። ለናሙና ይቺን ጻፍኩ፦

ጌታዬ ይስሙኝ፣ ይህ ነገር አይበጅ፣
እንባ ሲከማች ይሰብራልና ደጅ።

ጌታውን «እርስዎ» ይለዋል። ጌታው ሲመልስለት «አንተ» ነው፤ ምናልባትም በስሙ አይጠራውም። ጌታው ምክሩን ቢቀበል ታሪኩ ያልቃል፤ ስለዚህ አይቀበል። ሲመልስም አይጩህ። «ያኔ መንገድ ዳር ሳነሳህ ማንን አማክሬ ነበር?» ይበለው። ቁናው ተመልሶ መጣ ማለት ነው። እንድሪስ ከዚህ በኋላ ምን ሊል ይችላል?

ፉከራው ላይ ልዩነቱ ይታይ

የአማርኛ ግጥም ጸሐፊ አንድ ትልቅ መሣሪያ አለው። ፉከራ ነው። ፎካሪ ሲነሳ «ዘራፍ!» ብሎ የማን አሽከር እንደሆነ ይጠራል። የጌታው ስም ይቀድማል፤ ገድሉ ይከተላል። ይህ ልማድ ለሁለተኛው ሰው የተሠራ ይመስለኛል። እንድሪስን ሦስት ጊዜ አስፎክሩት። ሦስቱንም ጊዜ ሰሚው የሚያዳምጠው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ የማንን ስም ጠራ?

የመጀመሪያው ግጥሙ ሲጀምር ነው፤ ሁሉ ነገር ገና ትኩስ ነው፦

ዘራፍ የወንዴ አሽከር፣ የወንዴ ቀኝ እጁ፣
ጠላት ሲያንኳኳበት የሚቆም በደጁ።

የራሱ ስም የለም። አባቱም የሉም። ራሱን የሚያውቀው በጌታው ብቻ ነው። ኩራቱ ግን የእውነት ይሁን፤ አታሹፉበት። ወጣት ነው፣ ውጅግራ ጠመንጃ ተሰጥቶታል፣ በቅሎ ከነኮርቻዋ ታስራለታለች።

መሃል ላይ ደጃች ወንዴ ግብር አልከፈለም ያለውን የአምባሰል ቆላ አቃጥል ብሎ ያዘዋል። የእንድሪስ አባት አገር ነው። ጌታው ይህን ያውቃል፤ የላከውም ስለሚያውቅ ነው። እንድሪስ ሄደ። ጎተራው ነደደ። ማሽላ ሲነድ የሚሸተውን፣ ሴቶቹ በእንስራ ውሃ ይዘው ሲሮጡ የሚሉትን ጻፉ። ከዘመቻው ሲመለስ ግቢ ውስጥ እንደ ልማዱ ይፎክራል፦

ዘራፍ የይማም ልጅ፣ ያምባሰል ገበሬ፣
አባቴ ያረሰው በእጄ ጋየ ዛሬ።

ግቢው ያጨበጭባል፤ ገድል የቆጠረ መስሏቸዋል። ደጃች ወንዴ ብቻ ዝም ይላል። የራሱ ስም እንደተዘለለ ሰምቷል። ሰሚውም ሰምቷል። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይባል የለ? ከዚህ በኋላ እንድሪስ ምንም ዓይነት ኑዛዜ አያስፈልገውም። «ልቤ ተጸጸተ» የሚል ስንኝ ካላችሁ ሰርዙት። ፉከራው ጨርሶታል።

ሦስተኛውን ፉከራ ለእናንተ እተዋለሁ። የጌታውን ስም ይመልስ ይሆን? የእህቱን ልጅ ስም ይጥራ? ወይስ «ዘራፍ» ብሎ ቃል ይጥፋው? የምትመርጡት አንዱን መንገድ ነው። ምርጫው የግጥሙን መጨረሻ ይወስናል።

ትእዛዙን ይዞ የሄደው

እዚሁ አገራችን ላይ አንድ ነገር ላንሳ። ቴዎድሮስ በመላ አገሪቱ የጀግና ምሳሌ ነው፤ እኔም እወደዋለሁ። ወሎ ላይ ግን ከነገሠበት ከ1847 ዓ.ም. ጀምሮ ደጋግሞ ዘምቷል፤ እጁም ከባድ ነበር። በ1857 ዓ.ም. ወጣቱ ምኒልክ ከመቅደላ አምልጦ ሲወጣ የወሎዋ ገዢ ወርቂት ተቀበለችው። የሷ ልጅ ግን በዚያን ጊዜ መቅደላ ላይ በቴዎድሮስ እጅ ነበር። በምላሹ ተገደለ።

ስለዚህ ነገር ረጅም ግጥም ልጽፍ ብትሉ ከየት ትጀምራላችሁ? ከቴዎድሮስ ቁጣ? ከወርቂት ለቅሶ? ሁለቱም ትልቅ ናቸው። እኔ ብሆን ከንጉሡ ድንኳን እስከ እስረኛው ድረስ ትእዛዙን ተሸክሞ ከሚሄደው ሰው እጀምራለሁ። እርምጃውን እከተላለሁ። መንገዱ አጭር ነው። በዚያ አጭር መንገድ ላይ መቆም ይችል ነበር። አምባው ላይ ሲሄድ ምን አየ? ማን ሰላም አለው? ለሰላምታው ምን መለሰ? ሁለተኛው ሰው ማለት ይህ መንገድ ነው። በትእዛዙና በድርጊቱ መካከል ያለውን መሬት የሚረግጠው እሱ ብቻ ነው። ብዙ ጸሐፊዎች «አዘዘ፤ ተፈጸመ» ብለው ያልፉታል። እናንተ እዚያ ላይ ቁሙ። ጌታው ያዘዘበት ስንኝ ሁለት ከሆነ መንገዱ ሃያ ስንኝ ይውሰድ።

ጀርባውን ቢሰጥስ?

አንዳንዱ ሁለተኛ ሰው ይከዳል። የራቫና ሌላው ወንድም ቪብሂሻና መክሮ መክሮ ሲሰደብ ወደ ራማ ሄደ፤ ከድሉም በኋላ የራቫና አገር የላንካ ንጉሥ ሆነ። ከባድ መንገድ ነው፤ ምክንያቱም ሰሚው «ልክ አደረገ» እያለ በሆዱ «የወንድሙን ደም ግን…» ይላል። ያን ስሜት አታጥፉት። ክህደቱ ነፃ ከሆነ ርካሽ ይሆናል። ወደ ጀግናው ሰፈር የመጣ እንድሪስ አንድ ነገር ጥሎ ይምጣ፤ ለምሳሌ እናቱን።

የግሪኩ ባለቅኔ የሆሜር ዩሪማኮስ ደግሞ ሌላ ዓይነት ነው። የኦዲሴዎስን ቤት ከወረሩት ጎረምሶች አለቃው አንቲኖዎስ ነው፤ ዩሪማኮስ ቀጥሎ ነው። ኦዲሴዎስ ተመልሶ አንቲኖዎስን ዋንጫ ሊያነሳ ሲል ጉሮሮው ላይ በቀስት ይወጋዋል። ዩሪማኮስ ወዲያው አፉን ከፈተ፦ የጥፋቱ ሁሉ ምክንያት ይሄ የሞተው ነው፤ እኛን ማረን፤ እያንዳንዳችን የሃያ በሬ ዋጋ እንክሳለን፣ ነሐስና ወርቅም እንጨምራለን። የአለቃው ደም ገና አልደረቀም! ኦዲሴዎስ አልተቀበለውም። ያን ጊዜ ዩሪማኮስ ሰይፉን መዘዘ፤ ቀስት ጉበቱን አገኘው። ሆሜር በጥቂት ስንኝ ብቻ ሰውዬውን ራቁቱን አስቀረው። ሁለተኛው ሰው ልቡ ባዶ እንዲሆን ከፈለጋችሁ እንዲህ አድርጉት፦ ጌታው ሲወድቅ መጀመሪያ የሚወጣውን ቃል ስሙት። እነዚህ ጌታዋን እንደተማመነችው በግ ላታቸውን ውጭ ሲያሳድሩ የኖሩ ናቸው። ጌታ ሲጠፋ ንግግራቸው ይለወጣል።

አሟሟቱና ለቅሶው

በተለመደው ሥርዓት ሁለተኛው ከጌታው ቀድሞ ይሞታል። ለዚህ ጥሩ ምክንያት አለ፤ ጌታው ብቻውን ሲቀር ሰሚው መጨረሻው እንደቀረበ ያውቃል። የገብርዬንና የቴዎድሮስን ነገር አስቡት፤ ገብርዬን ከክፉ ሰው ተርታ ማስገባቴ አይደለም፣ የሞታቸውን ቅደም ተከተል ብቻ ተመልከቱ። ፊታውራሪ ገብርዬ ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ በስቅለት ዕለት፣ እሮጌ ሜዳ ላይ ወደቀ። ቴዎድሮስ በፋሲካ ማግስት ሰኞ ራሱን ሠዋ። የሦስት ቀን ልዩነት ነው። ገብርዬ ከወደቀ በኋላ ያለው ጊዜ ሁሉ የመሰናበቻ ጊዜ ይመስላል። ይህን ርቀት ለግጥማችሁ ተዋሱት። በሁለቱ ሞት መካከል ትንሽ ጸጥታ ይኑር።

የፋርሶች ሻህናሜ ግን ከሁሉ የበለጠ አስተምሮኛል። ፊርዶውሲ በ1010 እ.ኤ.አ. ነው የጨረሰው። የቱራን ንጉሥ አፍራሲያብ ክፉ ነው። አማካሪውና የጦር አለቃው ፒራን ደግ ነው። የኢራኑ ልዑል ሲያቩሽ ተሰድዶ ሲመጣ ፒራን እንደ ልጁ ተቀበለው። አፍራሲያብ በወሬ ተነሳስቶ ሲያቩሽን ሲያስገድል ፒራን የሲያቩሽን ነፍሰ ጡር ሚስት ከሞት አዳነ። ሕፃኑ ሲወለድ እረኞች ዘንድ ደበቀው። ልጁን ወደ ንጉሡ ሲያቀርበው እንደ ሞኝ ሁን ብሎ መከረው፤ በዚህ ተረፈ። ያ ልጅ ካይ ኾስሮው ነው፤ አድጎ የኢራን ንጉሥ ሆኖ ቱራንን ሊወጋ መጣ። ፒራን ያዳነውን ልጅ ጦር ሊመክት ወጣ። ወደኛ ና ተብሎ ነበር፤ ንጉሡን ትቶ አልሄደም። በሽማግሌው ጎዳርዝ እጅ ሞተ። ኾስሮው ሬሳው ላይ አለቀሰ፤ በክብርም አስቀበረው።

ሁለተኛውን ሰው የሚያለቅስለት ጀግናው ነው! ይህን ስታነቡ ቆም በሉ። ጠላት ያለቀሰለት ሰው ምን ዓይነት ሰው እንደነበር ሌላ ማስረጃ አይፈልግም።

እኛ ጋ ደግሞ አልቃሽ አለች። ሙሾ ፍርድ ነው፤ ሰም ለብሶ የሚመጣ ፍርድ። ስለዚህ እንድሪስ ሲሞት የመጨረሻውን ቃል ለተራኪው አትስጡት። ለእህቱ ስጧት። አምባሰል ቆላ፣ ያ በተቃጠለው መንደር፣ ሰው ሊያለቅስለት ይምጣ አይምጣ እያለ ሲያመነታ እሷ ብቻዋን ትነሳ፦

ወንድሜ ወንድሜ፣ የሰው ቤት ምሰሶ፣
የእናቱ ጎጆማ ወደቀ ፈራርሶ።

ከዚህ ሌላ ስለ እንድሪስ ምንም አልልም። ሰዎቹ ቢያለቅሱም ባያለቅሱም ተናግራዋለች። እናንተም ከሙሾው በኋላ ማብራሪያ አትጨምሩ።

ስትጨርሱ እንዴት ትፈትሹታላችሁ?

ሁለት ነገር አድርጉ። አንደኛ፣ የሁለተኛውን ሰው ስንኞች በሙሉ በእርሳስ አስምሩባቸውና እነሱን ዘልላችሁ ግጥሙን ከፍ ባለ ድምፅ አንብቡ። ታሪኩ ምንም ሳይጎድለው ከሄደ ሰውዬው ገና አልተወለደም ማለት ነው፤ ወደ ውለታው ተመለሱ። ሁለተኛ፣ ለአንድ ትልቅ ሰው አንብቡለት፤ ሠርግና ለቅሶ የጠገበ፣ ፉከራ ከአፍ የሰማ ሰው ይሁን። ወረኢሉም ሐይቅም ዙሪያ እንዲህ ያሉ አዛውንቶች አሁንም አሉ። አትጠይቁት፤ አንብቡና ጠብቁ። «ይሄ ልጅ ምን ሆነ በኋላ?» ብሎ ስለ እንድሪስ ከጠየቀ አብሽሩ፣ ተሳክቶላችኋል። ስለ ጀግናው ብቻ ካወራ ሥራ ይቀራችኋል።

ጀግናው እንዳይዋጥባችሁ የምትሰጉ ካላችሁ፣ እንድሪስ ብዙ ስንኝ አያስፈልገውም። ቁናው፣ ሁለቱ ግብሮች፣ አንድ ምክር፣ ሦስት ፉከራ፣ የቃጠሎው መንገድና አሟሟቱ። በሌላው ቦታ ሁሉ ዝም ብሎ ከጌታው ቀኝ ይቁም፤ መቆሙ ራሱ ይናገራል።

የደጃች ወንዴን ነገር ደግሞ በዚህ ጨርሱት። መልእክተኛ መጥቶ እንድሪስ መሞቱን ሲነግረው የት እንደወደቀ አይጠይቅ፤ ማን እንደገደለውም አይጠይቅ። «ውጅግራውን ማን ያዘው?» ይበል። በግብሩ ላይ የጎረሰውን ያን ወጣት ይጥራና ይስጠው። ወጣቱ በሁለት እጁ ተቀብሎ እጅ ይንሳ፣ እሱም «ዘራፍ የወንዴ አሽከር» ይበል። ከዚያ በቀጥታ ወደ መጨረሻው ጦርነት ግቡ።